ድንቡሼ የሚያሳልፈው ሙቀጫ

በጎ ያድርገውና፣ ትናንት ሌሊት በሕልሜ የልጅ ልጄን ማኅደርን ይዤ አውሮፕላን ማረፊያ ሄድኩ። የበረራ አስተናጋጅ ለመሆን ልትፈተን ነው፤ መጀመሪያ የሚለካው ደግሞ ቁመት ነው። ማኅደር በቁመት እኔን አጭሯን ነው የመሰለችው፤ ክንዷ፣ ባቷ፣ ሁለመናዋ ድንቡሽ ያለ። ይጥሏት ይሆን እያልኩ በሕልሜም እጇን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ።

ሜዳው ላይ ተሳፋሪዎቹ አውሮፕላኑን በትከሻቸው ተሸክመው ይሄዱ ነበር። ዶሮዎች ከደመና በላይ ይበራሉ፤ አሞሮች ታች ጥሬ ይለቅማሉ። በሩ ላይ መለሎ መለሎ ልጃገረዶች የወፍጮ ድንጋይ በአናታቸው ጭነው ተሰልፈዋል።

"ልጆቼ፣ አንገታችሁ ይሰበራል እኮ!"

"እንድናጥር ነው፣ እማማ። ትናንትም ረዘማችሁ ብለው መለሱን።"

ገባን። ትልቁ ወንበር ላይ ሙቀጫ ተቀምጧል፤ አንገት ሳይኖረው ከረባት አስሯል። ዘነዘና ፊቱ ቆሞ ይንቀጠቀጣል።

"ስንት ዘመን ሆዴን ወቀጥከው?" አለው ሙቀጫው።

"ታዝዤ ነው፣ ጌታዬ።"

"ውጣ! አንተ መቃ!"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ይቺ ልጅ ምን ትባላለች?"

"ማኅደር።"

"ስሟን አላልኩም፤ መልኳን!"

"ድንቡሼ" አልኩ በቀስታ።

"ትርጉሙን ካወቅሽ ታልፋለች፤ ካላወቅሽ ድንጋይ ትሸከማለች። አጭር ሁሉ ድንቡሼ ነው?"

"ኧረ የለም! አጥሮ የቀጠነማ የክብሪት እንጨት ነው።"

"ወፍራምስ?"

"ወፍሮ የረዘመ ምሰሶ ነው። ማጠርና መወፈር ተዋደው አንድ ቤት ሲገቡ ነው ድንቡሼ የሚባለው። እንደ ሕፃን ክንድ፣ እንደ አውራ ጣት፣ እንደ... እንደ እርስዎ።"

ሙቀጫው ተሽኮረመመ። ወዲያው ግን ፊቱን አጠቆረ። "ጉቶስ? አጭርም ወፍራምም ነው።"

ማኅደር ቀሚሴን ጨብጣለች።

"ጉቶን ማን ያቅፈዋል፣ ጌታዬ? ድንቡሼ እኮ ሲያዩት የሚያሳሳ ነው። ያልወደዱትን ድንቡሼ አይሉትም። እርስዎንስ ቢሆን ስንት ዓመት በሁለት ጉልበቴ አቅፌ ኖሬ የለም?"

ሙቀጫው እንባ በእንባ ሆነ። "አለፈች!"

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። መለሎዎቹ ድንጋያቸውን ጥለው ማኅደርን ከበቧት። "እዩት ባቷን! ምነው ለእኔ ባደረገው!" ይላሉ። እሷ ኩራት በኩራት ሆና ወጣችና አውሮፕላኑን ብቻዋን ብድግ አደረገችው። "ኧረ ወገብሽን፣ ልጄ!" ብዬ ስጮኽ ነቃሁ።

ነግቷል። ማኅደር የጓዳውን በር ጉበን ጨብጣ ተንጠልጥላለች። ፈተናው ዛሬ ነው።

"እማማ፣ እንኳን ነቃሽ! ሁለት ጣት ብቻ ነው የጎደለኝ፤ ነይ እግሬን ጎትቺልኝ!"

ሮጥኩ። ያንን ድንቡሽ ያለ ባቷን እቅፍ ሳደርገው ግን፣ ብትወድቅብኝስ የሚል ፍርሃት ያዘኝ።

"እማማ! ኧረ ጎትቺኝ ነው ያልኩሽ! ማን ወደ ላይ ተሸከሚኝ አለሽ?"