ሠርግ ያስቆመ ካሜራ

ሰው የሚጠላውን ለመለየት ጊዜ አይፈጅበትም። ጉዱ የሚፈላው የሚወደውን ምረጥ ሲባል ነው። አንድ ነገር አጥብቆ የወደደ ሰው፣ ከእሱ የተሻለ ይኖር ይሆን ብሎ ይሰጋል። የተሻለውን ሲያገኝ ደግሞ ከተሻለው የሚሻል መኖሩን ይሰማል። እንዲህ እያለ የተሻለው ሳይገኝ ዕድሜ ይሄዳል። አባቴ እንዲህ ዓይነት መራጭ ቢሆን ኖሮ እኔ ዛሬ ከእናንተ ጋር አላወጋም ነበር። እናቴን አየ፣ ወደደ፣ አገባ። አለቀ።

እኔ ብዙ አልናገርም፤ የሚያውቀኝ ያውቃል። ፊደልም አልቆጠርኩ። ይህን የምትጽፍልኝ የእህቴ ልጅ ብርቄ ናት፤ እሷም እሺ ያለችኝ ወጉ የራሷ ስለሆነ ነው።

ብርቄ የታጨችው ለመምህር ጌታነህ ነው። እዚሁ መንዝ፣ ቀየት ላይ ያስተምራል። ምስጉን ልጅ ነው፤ አይሰክርም፣ አይሳደብም፣ ታላቅ ሲያይ ከመቀመጫው ይነሳል። አንድ አመል ብቻ አለችው፤ ፎቶ ይወዳል። ቅዳሜ ከሆነ ጓሳ ተራራ ወጥቶ ጉሙንም፣ ጭላዳ ዝንጀሮውንም፣ የሰውንም በግ በስልኩ ሲያነሳ ይውላል። በጉ የማን እንደሆነ አይጠይቅም፤ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ነው የሚጠይቀው።

ታዲያ ይህ ልጅ ሠርጌ በስልክ አይነሳም አለ። ሙሉ ፍሬም የሚሉት ካሜራ አለ፤ ከእሱም ለጀማሪ የሚሆነውን፣ ታናሽየውን እገዛለሁ አለ። መልካም፣ ግዛ አልነው። ሠርጉ ለጥር ተቆርጦ ነበር። ካሜራው ስላልተመረጠ ከፋሲካ በኋላ ይሁን ተባለ። ከፋሲካ በኋላ አዲስ ሞዴል ሊወጣ ነው የሚል ወሬ መጣና እንደገና ለከርሞ ጥር ተላለፈ። እህቴ የጠመቀችው ጠላ ኮመጠጠ። ጎረቤት ማንሾካሾክ ጀመረ፤ «ልጁ ሌላ ይዟል» ተባለ። መያዙስ ይዟል። ሴት ስላልሆነች ነው ማንነቷ ያልታወቀው።

በዚህ መሐል ብርቄ እኔ ዘንድ መጣች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

«ጋሼ፣ እስከ ጥር የሚያገባኝ ከሆነ ያግባኝ። ካልሆነም ቀለበቱን መልሱለትና ቁርጤን ልወቅ» አለችኝ።

በአገራችን ሽማግሌ የሚላከው ወደ ሴቷ ቤት ነው። እኛ ግን በተገላቢጦሽ ወደ ሙሽራው ቤት ሄድን፤ ቄስ ወልዴ፣ አቶ ደምሴና እኔ። ደምሴ የእኔን ድርሻ ጨምሮ ስለሚናገር ሁልጊዜ አንድ ላይ ነው የምንላከው።

ጌታነህ ባና ያነጠፈበት መደብ ላይ አስቀመጠንና፣ እኛ ገና ጉዳያችንን ሳንከፍት፣ የካሜራ ሥዕል በስልኩ ያሳየን ጀመር።

«ቆይ ልጄ፣ ሙሉ ፍሬም የምትለው ምንድን ነው?» አሉ ቄስ ወልዴ።

«አባ፣ ውስጡ ብርሃን የሚቀበል ሰሌዳ አለው። የሌላው ጠባብ ነው፣ የዚህኛው ሰፊ። ዝናብ ላይ ድስት ቢያስቀምጡና ገበቴ ቢያስቀምጡ ብዙ ውኃ የሚይዘው የቱ ነው? ተክሊሉ የሚደርሰው ጎህ ሳይቀድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያለው የጧፍ ብርሃን ብቻ ነው። እንዲያ ባለ ጨለማ ማየት የሚችለው ይሄ ነው።»

ቄስ ወልዴ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም በልቤ እውነቱን ነው አልኩ። ሽማግሌ እንዲህ ነው የሚሸነፈው፤ መጀመሪያ አንድ እውነት ያጎርሱታል።

«ሁለት ቀርተውኛል» አለ ጌታነህ። «አንደኛው ቀላል ነው፤ ደግሞ ዓይን ፈልጎ ይይዛል።»

«የማንን ዓይን?» አለ ደምሴ።

«የሰው ነዋ። ፊቱ የቆመውን ሰው ዓይኑን ለይቶ ይይዛል። ሰውየው ቢንቀሳቀስም አይለቀውም።»

ደምሴ አማተበ። «በስመ አብ! ይሄማ ቡዳ ነው እንጂ ምን ካሜራ ነው! ለመሆኑ ዘሩ ከየት ነው?»

ይህ የሽማግሌ ጥያቄ ነው፤ ደምሴ ሙሽራ መጠየቅ ለምዶበት አመሉ ይዞት ነው። ጌታነህ ግን ደስ አለው።

«ጋሼ ደምሴ፣ ዋናውን ነገር ነኩት! ካሜራ የገዛ ሰው ሌንሱንም ነው አብሮ የሚያገባው። የአንዱ ዘር ሌንስ ለሌላው ዘር አይገጥምም። ካሜራው ሲያረጅ ይቀየራል፤ ሌንሱ ግን ዕድሜ ልክ ቤት ውስጥ ይኖራል።»

«አማት በለኛ!» አለ ደምሴ።

«አዎ፣ አማት ማለት ነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን አትጠይቁኝ። ብርቄ ተናገር ብላኛለች፤ ልናገር። ደምሴ ቡዳ ያለውን ረስቶ ቀላሉን ወደደ፤ ሚዜ ቀኑን ሙሉ ተሸክሞት ሲውል ትከሻው አይዝልም አለ። ቄስ ወልዴ ከባዱን ያዙ፤ ዝናብና ጉም አይገባውም ከተባለ ለመንዝ የሚሆነው እሱ ነው አሉ። ደምሴ ሠርግ በጥር ነው፣ በጥር ምን ዝናብ አለ አለ። ቄስ ወልዴ ጉም ወር አይጠይቅም አሉ። ድምፅ ከፍ ከፍ አለ። ልጁን ልንመክር ሄደን፣ ልጁ መሐል ገብቶ እኛን ይገላግል ጀመር።

«ብርቄ ቁርጧን ትፈልጋለች» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ስናገር ሰው ይደነግጣል።

ጌታነህ አንገቱን ደፋ። «ጋሼ፣ እኔም እኮ ፈርቼ ነው። ሠርግ አንዴ ነው። ፎቶው የሚቀመጠው ጥፍር በምታህል ካርድ ላይ ነው። ቀላሉ ካሜራ አንድ ካርድ ብቻ ነው የሚጎርሰው፤ ካርዷ ብትበላሽ ሠርጉ እንዳለ ጠፋ ማለት ነው። ከባዱ ግን ሁለት ይጎርሳል፤ አንዷ ብትጠፋ ሌላዋ ታተርፋለች።»

«እንግዲያው ሁለት የሚጎርሰውን ውሰድና ሚስትህን አግባ» አሉ ቄስ ወልዴ። ስላሸነፉ ፊታቸው በራ።

ካሜራው ተገዛ። ጥር ደረሰ። ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ብርቄ አንድ ነገር ጠየቀች። «እሱ ሙሽራ ሆኖ አጠገቤ ሲቆም ማነው የሚያነሳን?»

እስቲ አስቡት። ይህን ሁሉ ጊዜ ሲመረጥ፣ ሽማግሌ ሲጣላ፣ ጠላ ሲኮመጥጥ፣ ይህን ያሰበ አንድም ሰው የለም። ተፈልጎ ተፈልጎ በእኔ ወደቀ። ጋሼ አይናገርም፣ እጁም አይንቀጠቀጥም ተባለ። ጌታነህ ሁሉን ነገር ራሱ አስተካክሎ አንዲት ቁልፍ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ይቺን ብቻ ይጫኑ።»

ተጫንኩ። በተክሊሉም፣ በድንኳኑም፣ ደምሴ እስክስታ ሲወርድ ወገቡን ይዞ ሲቀርም ተጫንኩ። በተጫንኩ ቁጥር ቀጭ ይላል፤ ምስሉ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ከጥግ በኩል ግን አንዲት ቀይ ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ትልብኛለች። ደብረ ብርሃን የተማረውን ሚዜ ጠራሁና ምን ትላለች አልኩት።

«ጋሼ፣ እየሠራሁ ነው ማለቷ ነው። ዝም ብለው ይጫኑ» አለኝ፤ ዓይኑ ሥጋው ላይ ነበር።

ዝም ማለት ለእኔ ከባድ አይደለም።

በመልሱ ዕለት ዘመድ ሁሉ ፎቶ ለማየት ተሰበሰበ። ጌታነህ የካሜራውን ትንሽ በር ከፈተ። አየ። ዘጋ። ደግሞ ከፈተ። የመጀመሪያው ማስገቢያ ባዶ ነው። ሁለተኛውም ባዶ ነው። ሁለቱ ካርዶች ሻንጣው ውስጥ፣ ከነማሸጊያቸው፣ ጎን ለጎን ተኝተዋል።

«አንዷ ብትጠፋ ሌላዋ ታተርፋለች አልነበረም እንዴ?» አለ ደምሴ።

ጌታነህ ላብ አጠመቀው። ቀና ብሎ ብርቄን ማየት አቃተው። እሷ ግን ነጠላዋ ከራሷ እስኪወርድ ሳቀች።

«ተመስገን! ያን ዕለት ሳለቅስ ውዬ አፍንጫዬ በርበሬ መስሎ ነበር» አለች።

ታምኑኝ እንደሆነ፣ ያ ሠርግ ከዚያ ወዲህ እያማረ ነው የሚሄደው። ፎቶ የለማ፣ ማን ያስተባብል! የታረደው በሬ በየወሩ ይሰባል። ደምሴ እስክስታውን እስኪነጋ ነው የወረደው። ቄስ ወልዴ ቡራኬ ሲሰጡ ጉሙ እንደ መጋረጃ ተከፈተ። እኔ ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግን አልናገርም።

ጌታነህም ትምህርት አግኝቷል። እነዚያ ካርዶች ገድ የላቸውም ብሎ አሁን ሌላ ካርድ እየመረጠ ነው፤ ፈጣኑ ይሻላል ወይስ ብዙ የሚይዘው? ክርስትና አንዴ ነው ይላል። ብርቄ ይህን ስትጽፍልኝ ወረቀቱን ያስደገፈችው ሆዷ ላይ ነው፤ ገፍቷል። እንደምታውቁት ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው።

ለጌታነህ ስንል ሴት እንድትሆን እየጸለይን ነው።