ለስድስት ሰው የሚበቃ ጎጆ

በዚህ አገር ቤተሰብ ማለት አራት ሰው ነው። ይህንን የነገረኝ የለም፤ ኖሬ የደረስኩበት ነው። አባት፣ እናት፣ አንድ ወንድ ልጅ፣ አንዲት ሴት ልጅ። የባቡሩ የቤተሰብ ቲኬት ለአራት፣ የፒዛው የቤተሰብ ቅናሽ ለአራት፣ መኪናውም ቢሆን ለአራት ታስቦ አምስተኛው በይሉኝታ የተጨመረበት ነው። ከዚያ ያለፈ ሰው ቤተሰብ መባሉ ይቀርና «ግሩፕ» ይባላል፤ ግሩፕ ደግሞ ሌላ ፎርም፣ ሌላ ስልክ ቁጥር፣ ሌላ ዋጋ አለው። እኛ ሰባት ነን። እኔ፣ ባለቤቴ ጽጌ፣ አራት ልጆች፣ በዚያ ላይ ከአዲስ አበባ ለስድስት ወር ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ። አዲስ አበባ ብንሆን ሰባት ሰው መካከለኛ ቤት ነው፤ የሚገረም ጎረቤት አይገኝም። ዌምብሊ ላይ ግን አውቶቡስ ስንሳፈር ሾፌሩ የትምህርት ቤት ጉዞ ይመስለዋል።

ነገሩ የተጀመረው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ልጆቹ ከለንደን ሁለት ሰዓት ተኩል በመኪና የሚያስኬድ አንድ ትልቅ የመጫወቻ መናፈሻ አለ ብለው ቤቱን በአንድ እግሩ አቆሙት። ሰውን ቁልቁል ዘቅዝቆ የሚያሽከረክር ባቡር፣ ከተራራ ላይ ውሃ ውስጥ የሚወረወር ጀልባ፣ እሳት የሚተፋ ሰው ሠራሽ ዘንዶ፣ ምኑ ቅጡ! እዚያው ግቢ ውስጥ ማደሪያ ስላለው ሰው ሁለት ሦስት ቀን ሰፍሮበት ነው የሚጫወተው። እኔን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዘንዶውም ጀልባውም አላጓጉኝም። የእናቴ ቪዛ ሊያልቅ አንድ ወር ተኩል ብቻ ቀርቶታል። ጉልበቷ እንደ ድሮው አይደለም፤ ደግማ የምትመጣም አይመስለኝም። ከልጆቹ ጋር አራት ወር ተኩል አንድ ጣሪያ ሥር ኖረው የተለዋወጡት ቃል ቢሰበሰብ አንድ ገጽ አይሞላም። እነሱ ትምህርት ቤት ናቸው፣ እኛ ሥራ ላይ ነን፣ እሷ መስኮቱ አጠገብ ናት። ትምህርትም፣ ሥራም፣ ቴሌቪዥንም የሌለበት ሦስት ቀን ፈለግሁ፤ ሰባታችንም አንድ ቤት ውስጥ የምናድርበት። ልጆቼ አያታቸውን ሳያውቋት ብትሄድስ የሚለው ሐሳብ ቁጭ ብድግ ያደርገኝ ነበር።

ፍለጋውን ጀመርኩ። ሥራዬ ሂትሮው ነው፤ አውሮፕላን ላይ ምግብ እጭናለሁ። በእረፍት ሰዓት ባልደረቦቼ ሻያቸውን ሲጠጡ እኔ ስልኬ ላይ እንዳቀረቀርኩ ሦስት ሳምንት አለፈ። የመናፈሻው ሆቴል የባሕር ወንበዴ ክፍል አለው፤ ትራሱ ላይ የራስ ቅል የተሳለበት፣ አምስት ሰው የሚያስተኛ። አምስት! ሁለት ክፍል ልያዝ ስል በየክፍሉ አንድ አዋቂ መኖር አለበት ይላል፤ ክፍሎቹ ጎን ለጎን ስለመሆናቸው ግን ዋስትና አንሰጥም ይላል። እንግዲህ እኔና ጽጌ ከስንት ዓመት ትዳር በኋላ በተለያየ ፎቅ ላይ ልናድር ነው። ድንኳንም አላቸው፤ አልጋና ምንጣፍ ያለው የሀብታም ድንኳን። እኛ ዘንድ ድንኳን የሚተከለው ወይ ለሠርግ ወይ ለለቅሶ ነውና እናቴ ገና ስታየው የምትጠይቀኝ ማን እንደሞተ ነው። ከግቢው ውጪ፣ አውራ ጎዳናው ዳር፣ ርካሽ ሆቴል አገኘሁ፤ ክፍሉ ግን የቤተሰብ ክፍል ነው። ስንት ሰው እንደሚይዝ ነግሬያችኋለሁ። ይህንን ሁሉ ሳወዳድር ስክሪኑ «ይህን ክፍል ሌሎች ሰዎችም እያዩት ነው» እያለ ያስፈራራኛል። እነማን ናቸው? ለምን አይተዉልኝም? ጽጌን ላማክር ደውዬ እስክመለስ ዋጋው ጨምሮ ይጠብቀኛል። የሥራ ባልደረባዬ ተፈራ «አምስት ነን ብለህ ግባና ሁለቱን በጓሮ አስገባ፤ ማን ይቆጥርሃል?» አለኝ። እናቴን ከነነጠላዋ በባሕር ወንበዴ መስኮት ሳስገባ ታየኝና ስልኬን ዘጋሁ።

በመጨረሻ ጉዳዩን ለትልቋ ልጄ ለሳሮን ሰጠኋት። ሳሮን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛ የምትሰማ፣ መልሱን ግን ግማሹን በእንግሊዝኛ የምትሰጥ። «ሁሉንም ጠይቂ፣ ርካሽ ፈልጊ፣ ቡክ አድርጊ» ብዬ ካርዴን ሰጠኋት። እኔ ሦስት ሳምንት የተንከራተትኩበትን እሷ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ጨርሳው መጣች። እዚያው መናፈሻው ጫካ ውስጥ ያለ የእንጨት ጎጆ፣ ቁርስ የታሰበበት፣ ሌላ ሰው ሰርዞት በቅናሽ የወጣ፤ ዋጋው እኔ ሳየው ከከረምኩት ሁሉ ያነሰ። ኢሜይሉን ከፈትኩ፤ ዋጋውን አየሁ፤ ዘጋሁ። እንዲህ ያለ ዋጋ ያየ ሰው የቀረውን ለምን ያነባል? ሂትሮው ላይ ያልነገርኩት ሰው የለም። ለተፈራማ ሁለት ጊዜ ነገርኩት።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ዝም አለች። ምግብ ሲቀርብላት ቆንጠር ቆንጠር አድርጋ ትተወዋለች። «ምን ሆነሻል?» ስላት «ምንም፤ ራሴን ነው» ትላለች። ልጆቹ ስለ ዘንዶው ማውራት ሲጀምሩ ቀስ ብላ ተነስታ ክፍሏ ትገባለች። እኔም አገሯ ናፍቋት ነው፣ ጫጫታው በዝቶባት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሰው የእናቱን ዝምታ ሲተረጉም ለራሱ የሚመቸውን ትርጉም ነው የሚመርጠው፤ እኔም የመረጥኩት እንዲያ ነበር።

ልንሄድ አንድ ቀን ሲቀረን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሻንጣ ስሰበስብ የእናቴን አጣሁት።

«እማዬ፣ ሻንጣሽስ?»

«የምን ሻንጣ?»

«ነገ እንሄድ የለም እንዴ?»

«ሂዱ፣ በሰላም ግቡ። እኔ ቤት እጠብቃለሁ። አሮጊት ምን ታደርግላችኋለች?»

ክው አልኩ። በቀጥታ ወደ ሳሮን ሄድኩ።

«ጠይቄያታለሁ ዳድ» አለች ከስልኳ ቀና ሳትል። «ፈርስት እሷን ነው የጠየቅኳት። ‹አይ ልጄ፣ እኔ ይቅርብኝ› አለችኝ። ስለዚህ ለስድስት ሰው ቡክ አደረግሁ።»

«ስንት ጊዜ ጠየቅሻት?»

አሁን ቀና አለች። «ስንት ጊዜ ማለት? ኖ አለች እኮ! ኖ ያለን ሰው ደግሞ መጠየቅ ፕሬሸር ማድረግ ነው። ስኩል አስተምረውናል።»

እንግዲህ እናንተው ፍረዱ። «ብላ» የተባለ ሰው በመጀመሪያው ጥሪ እጁን ከሰደደ እኛ ዘንድ ስሙ ለዓመታት ሲነሳ ይኖራል። መጀመሪያ «ኧረ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል፤ ከትናንት ጀምሮ ምንም ባይቀምስም። ቀጥሎ «በእውነት አልችልም» ይላል። ሦስተኛው ላይ «በሞቴ» ሲባል ነው፣ ለጋባዡ ሞት አዝኖ፣ ወደ ማዕዱ ጠጋ የሚለው። እናቴ በዚህ ሥርዓት፣ በተለማኝነቱም በለማኝነቱም፣ ተወዳዳሪ የላትም። ባለፈው ቧንቧ ሊጠግን የመጣውን እንግሊዛዊ «ኖ ታንክ ዩ» ሲላት ገና መጀመሩ ነው ብላ፣ በማያውቀው ቋንቋ ለምና ለምና ሽሮ አብልታ የሸኘች ሴት ናት። ሳሮንስ ይህን ከየት ትወቀው? ማስተማር የነበረብኝ እኔ ነኝ። አማርኛ ስለምትሰማ ሁሉን ነገር የሰማች መስሎኝ ነበር። እናቴ ሁለተኛውን ጥያቄ ስትጠብቅ፣ የልጅ ልጆቼ አልፈለጉኝም ብላ ስትብከነከን፣ እኔ በቅናሽ ዋጋ ጉራዬን ስነዛ ከረምኩ። አፈርኩ።

መናፈሻው ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ወጣት ሲበዛ ትሑት ነው። ጎጆው ለስድስት ሰው ነው፤ በእሳት አደጋ ደንብ ምክንያት ሰባተኛ ሰው አይገባም፤ ሌሎቹ ጎጆዎች ተይዘዋል፤ የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም። ሆቴሉ ውስጥ አንድ ክፍል ቀርቷል ብሎ ዋጋውን ሲነግረኝ ያ አንድ ክፍል ብቻውን ከጎጆው ይበልጣል። «ልያዝልዎት?» አለኝ። «አስቤበት እደውላለሁ» አልኩት። እሱም፣ እንግሊዛዊ ነውና፣ አመነኝ።

ጽጌንና ልጆቹን ሳሎን ሰበሰብኳቸው። «አንድ ሰው መቅረት አለበት። እኔ እቀራለሁ፤ እማዬ በእኔ ቦታ ትሂድ» አልኩ። ከልቤ ነበር። ከልቤ ነበር ስላችሁ ግን ከአሥር ዘጠኙ እጅ ነው። በቀረችው አንድ እጅ ዝም ብዬ ጠበቅሁ፤ ከመካከላቸው አንዱ «ያለ አንተማ እንዴት ይሆናል!» እስኪል።

«እውነትህን ነው?» አለች ጽጌ።

«እውነቴን ነው።»

«እንግዲያው ጥሩ። አንተን እንደሆነ ባቡሩ ያዞርሃል። መኪናውን እኔ እነዳለሁ።»

ስብሰባው ተበተነ።

አሁን የቀረው እናቴን መለመን ነው። ሳሮንን ኮሪደሩ ላይ አቁሜ አሠለጠንኳት። ሦስት ጊዜ ትጠይቂያለሽ፣ በመጀመሪያው ተስፋ አትቁረጪ፣ ሦስተኛው ላይ «በሞቴ» በያት። «ለፓርክ ብዬ በሞቴ ልማል?» ብላ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ከዚያ ግን ገባች፤ እኔም በሩ ላይ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

«እማማ፣ ከእኛ ጋር ነይ።»

«አይ ልጄ፣ እናንተ ሂዱ።»

«ፕሊስ እማማ። ያለ አንቺ ቦሪንግ ነው።»

«እግሬም አይችል የእኔ እናት፤ ይቅርብኝ።»

ከዚያ ሳሮን በዚያ በለንደን አማርኛዋ «እማማ፣ በሞቴ!» አለች፤ ድምጿ መሃል ላይ ተቆረጠ። ይኼኛውን እኔ አላስተማርኳትም።

«ሞት ይርሳሽ!» አለች እናቴ። «ሞት ይርሳሽ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትይኝ! እሺ፣ እሺ፣ እሄዳለሁ።»

ሻንጣው አልጋው ሥር ነበር። ልብሱ ታጥፎ፣ ዚፑ ተዘግቶ፣ ያለቀለት ሻንጣ። ጽጌ ጎትታ ስታወጣው ላዩ ላይ አቧራ ይዟል። ከመቼ ጀምሮ እዚያ ተዘጋጅቶ እንደተቀመጠ አልጠየቅሁም፤ ብጠይቅ ኖሮ መልሱን የምችለው አይመስለኝም።

በማግሥቱ ጠዋት ሰባት ሰው በሚይዘው አሮጌ መኪናችን ላይ ሻንጣ ጫንኩ፣ የትንንሾቹን ቀበቶ አሰርኩ፣ ጎማውን ቼክ አደረግሁ፣ ደግሜ ቼክ አደረግሁ። ወዲያ እላለሁ፣ ወዲህ እላለሁ። የቀረችኝ ተስፋ እናቴ ነበረች። ባዕድ ሰው ጦሙን እንዳይሄድባት የምትለምን ሴት፣ የገዛ ልጇን ባዶ ቤት ትታ ያለ አንዲት ልመና አትሄድም ብዬ። ጉንጬን አገላብጣ ሳመችኝ። «በሩን በደንብ ቆልፍ» አለችኝና ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሄዱ።

ፈቃድ ወስጄ ስለነበር ሥራ እንኳን አልገባሁም። ምንጣፉን ጠረግሁ። የጠረግሁትን ደግሜ ጠረግሁ። እስከ ስታዲየሙ በእግሬ ሄጄ፣ ምን ልሠራ እንደሄድኩ ጠፍቶኝ ተመለስኩ። ሶፋው ላይ ተቀምጬ ስልኬ ላይ የጎጆውን ፎቶ ከፈትኩ። ከሥሩ «ሌሎች ሰዎችም እያዩት ነው» ይላል። አንዱ እኔ ነበርኩ።

በሁለተኛው ቀን ረፋዱ ላይ እናቴ በሳሮን ስልክ ደወለች።

«ወይ ጉድ ልጄ! ጀልባው ውሃ ውስጥ ወረወረን! ነጠላዬ እንዳለ በሰበሰ!» እየሳቀች ነው። እንዲህ ስትስቅ የሰማኋት ስንት ዓመቴ እያለ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አቃተኝ። ትንንሾቹ ከኋላዋ «እማማ፣ አጌን! አጌን!» ይላሉ። ማታ ሁሉም እሷ አልጋ ላይ ተጠቅጥቀው እንዳደሩ፣ የቀሩት አልጋዎች ባዶአቸውን እንዳደሩ ነገረችኝ። ከጎኗ የሳሮን ድምፅ ይሰማኛል፤ «እማማ፣ በሞቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ!» ትላለች። ለዘንዶው ባቡር ነው የምትለምናት። ደስ አለኝ። በጣም ነው ደስ ያለኝ፤ ስመኘው የነበረው ነገር ይኸው ሆነ፤ እኔ ባልኖርበትም ሆነ። ቢሆንም ዝም ማለት አልቻልኩም።

«እማዬ፣ ስትሄዱ ግን አንድ ጊዜ እንኳን ‹ና› አላልሽኝም።»

«ሳሮን አስተማረችኛ!» አለች ኩራት ባለው ድምፅ። «የለመነችኝ ዕለት ማታ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። እዚህ አገር ሰው አይሆንም ካለ አይሆንም ማለቱ ነው፤ ደጋግሞ መጠየቅ ማስጨነቅ ነው አለችኝ። አንተም እቀራለሁ አልክ፤ ቃልህን አከበርኩልህ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ምነው፣ መምጣት ፈልገህ ነበር እንዴ? ዛሬ እንኳን ባቡር ተሳፍረህ መጥተህ አብረኸን ብትውልስ?»

«ኧረ እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ» አልኳት። «ይቅርብኝ።»

«እሺ ልጄ» አለችና ዘጋችው።

ጫማዬን አደረግሁ፤ ጃኬቴን ለበስኩ፤ ስልኩን እጄ ላይ እንደያዝኩ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ደግማ ብትደውል ብዬ።