እትዬ ሜትርና ሰባቱ ከዘራዎች

እትዬ ሜትር ድነዋል አሉ። ያለ ከዘራ ደጃፋቸውን የማይሻገሩት ልብስ ሰፊ ፍጹም ድነዋል! እሳቸው ብቻ ቢሆኑ ደግ ነበር፤ ቤታቸው ስፖርት የሚሠሩት ስድስቱ ሕመምተኞችም አብረው ድነዋል። የዓይን ምስክሩ ፎቶ አንሺው ነው። ከመንገዱ ማዶ በመስኮት ሲያይ፣ «ሰባት ከዘራ ባንዴ አየር ላይ! ሰባት!» ብሏል።

ጸጉር አስተካካዩ አላመነም። ሃያ ዓመት ወሬ ሲቀበልና ሲያከፋፍል የኖረ ሰው የተጋነነውን ባንድ ጆሮው ይለየዋል። «ፎቶ አንሺ መቼ ነው ያየውን የሚያወጣው? ብጉር እንኳ ያጠፋል» አለ። ልቡ ግን ሸፈተ። ካለፈው ዓመት ወዲህ እሱንም እንደ እትዬ ሜትር መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚሉት የነርቭ ሕመም ይዞት፣ አንድ ራስ ሳያጋምስ እግሩ ጥጥ ይሆንበታል። አንዱ ደንበኛ ግማሽ ጎፈሬ ይዞ ከወጣ በኋላ መቀሱን ለባልደረባው አስረክቧል። አሁን ምኞቱ አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ራስ ቆሞ መጨረስ።

ሄደ።

በየሰፈሩ ማንም ሳይሾመው የሚያዝ ሰው አይጠፋም። ክብርት እትዬ ሜትር ግን የእነዚህ ሁሉ የበላይ ናቸው። ሜትሩ ካንገታቸው አይወርድም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የሰጠቻቸውን የእንቅስቃሴ ወረቀት ለእያንዳንዱ ሰው ልክ እንደ ቀሚስ ያጠቡታል፣ ያሰፉታል። ከፍ ያለ እግር በሜትር ይለካል፣ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ይጻፋል።

ሰባቱን ከዘራዎች በሩ ላይ ሆኖ አያቸው። ጫፍና ጫፋቸው ላይ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ታስሮባቸው፣ እውነትም ባንዴ አየር ላይ ወጡ። የሚያነሷቸው ሁሉ ግን ወንበር ላይ ተቀምጠዋል! ፎቶ አንሺው እንደ መታወቂያ ፎቶ ልማዱ ከደረት በታች ያለውን ቆርጦ ጥሎታል።

«ምን ይገትርሃል? ግባ!» አሉ እትዬ ሜትር።

በመጀመሪያው ቀን የወንበር መደገፊያ ይዞ አራት ደቂቃ ቆመ። አራት! ተጻፈ።

«እትዬ፣ አልቻልኩም።»

«አፍህን ዘግተህ ነዋ! ጸጉር አስተካካይ ዝም ብሎ ሲቆም አይተህ ታውቃለህ?»

ከስድስቱ አንዱን፣ ጡረተኛውን የሒሳብ መምህር፣ ፊቱ አስቀመጡለት። መምህሩ ራሳቸው ላይ ለምልክት እንኳ አንድ ጸጉር የላቸውም። «ቁረጣቸው» ተብሎ ታዘዘ። በባዶ ጣቱ እየቆረጠ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ አወራ። ሰባት ደቂቃ።

«ከጎን በዛ አድርገህ ተውልኝ» አሉ መምህሩ።

ከዚያማ አሥራ አንድ ደረሰ። አንድ ማለዳ ደግሞ ወደ ሦስት ወረደ።

«ዛሬ እግሬ የኔ አይደለም፣ እትዬ።»

«የማን እንደሆነ ጠይቀህ ነገ ይዘኸው ና። አሁን ተቀመጥ! ጀግና አልጠራሁም።» ሙቀት ይህን ሕመም ያብሰዋልና፣ እርጥብ ፎጣ ማጅራቱ ላይ ጣል አድርገው ማራገቢያውን ወደሱ አዞሩለት። ይህን ለማንም እንዳይናገር አስጠንቅቀውታል፤ ለሁሉም ተናግሯል።

ሳይታወቀው ማፏጨት ጀመረ። መስታወት ፊት ሲያልፍ ቀና ማለት አመጣ። መምህሩ ለሠላሳኛ ጊዜ በተላጩ ዕለት ጠመኔው ሃያ ሁለት ጻፈ። በማግስቱ መቀሱን ተረከበ።

የመጀመሪያው ራስ የማን ቢሆን ጥሩ ነው? የፎቶ አንሺው! ጸጉር አስተካካዩ ቆሞ፣ ወንበሩን እየተደገፈ፣ እያወራ ማጅራቱ ጋ ደረሰ። የወንበሩን መደገፊያ ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ወሬውን አላቋረጠም። የመጨረሻዋን ጸጉር ቆርጦ ሲያበቃ፣ ለካ እትዬ ሜትር ከዘራቸውን ተመርኩዘው በሩ ላይ ሰዓት ይይዙ ኖሯል።

ፎቶ አንሺው ከነሽርጡ ብድግ አለ። «ይኸው! አላልኩም? ድኗል! እርስዎም ድነዋል! ሰባታችሁም ከዘራ ጥላችሁ…»

«ውሸት ነው» አሉ እትዬ ሜትር። «እኔ አልዳንኩም። እሱም አልዳነም። ከዘራም የጣለ የለም። ሰባትም አይደለንም፣ ስምንት ነን።»