ወደ ኋላ የሄደች የሙሽራ መኪና

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሰው ጤነኛ መኪና ትቶ በሽተኛዋን የሚመርጠው ምን ነክቶት ነው? እዚህ ካርቱም እንዲህ ያለው በዝቷል። እኔ የሰፈራችንን የሳጃናን ስንት ሙሽራ በአሮጌዋ መኪናዬ አድርሻለሁ። የእህቴ ልጅ ሂሩት ስታገባም እኔው ላደርሳት መኪናዬን ሦስት ቀን አጠብኳት። እሷ ግን የባሏን ስፖርት መኪና መረጠች። ልጁ የመኪናዋን ወገብ ዝቅ አድርጎ፣ ጭስ ማውጫዋን አስፍቶ፣ እንደ ጅብ እንድትጮኽ አድርጓታል። ቀናሁ፤ ምን ይደበቃል?

በሠርጉ ዕለት ይቺው መኪና ከደጃችን ልትነሳ ስትል አውቶማቲክ ካምቢዮዋ እምቢ አለ። ወደ ፊት ሲያስገባት ታጓራለች እንጂ ንቅንቅ አትልም፤ የሚሠራው የኋላ ማርሿ ብቻ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ሊገፋ ወጣ። የኔ ስትቆም ማን ገፍቶልኝ ያውቃል?

ደስታዬን ዋጥ አድርጌ፣ "ነይ ልጄ፣ የኔ ወደ ፊት ትሄዳለች" አልኳት።

"ጋሼ ሙት፣ ወደ ኋላም ቢሆን በሷ ነው የምሄደው! ያላ፣ እንሂድ!"

እውነትም እስከ ቤተ ክርስቲያን ወደ ኋላ ነዷት። መንገደኛው አዲስ ፋሽን መስሎት አጨበጨበ። እኔ ስከተላቸው የሁለቱ መኪኖች ፊት ተገጣጥሞ፣ ሂሩት በፊት መስታወቱ እያየችኝ ስትስቅ ደረስን። እንደ ሰው ወደ ፊት የነዳሁትን እኔንስ ማን አየኝ?