ክቡር አታውቁኝም

በየቤተሰቡ ሕይወቱ በየሁለት ወሩ ከሥር መሠረቷ የምትለወጥበት አንድ ሰው አለ። «እኛ ቤት የለም» የምትሉ ካላችሁ ዞር ብላችሁ ሌሎቹን ተመልከቱ፤ ሁሉም እናንተን እያዩ ከሆነ ሰውየው ተገኝቷል።

ይህ ሰው እንደ እኔና እንደ እናንተ አያረጅም፤ ይታደሳል። እኛ ጠዋት ስንነሳ የምናገኘው ማታ የተኛውን ያንኑ ሰው ነው፤ ያው ቁርጥማት፣ ያው ኩርፊያ። እሱ ግን ትራሱ ላይ አዲስ ሰው አግኝቶ ይነሳል፤ ያንን አዲስ ሰው ለቤተሰቡ እስኪያስተዋውቅ ድረስም ቁርስ አይወርድለትም።

የእኛን ቤተሰብ ድርሻ የያዙት የታላቅ እህቴ ባል፣ ክቡር አታውቁኝም ናቸው። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ሹመቱም የዕድሜ ልክ ነው። ሙያቸው ልብስ ቆራጭነት ነው። በአንድ ስፌት ቤት ረጅም ጠረጴዛ ፊት ቆመው ጨርቁን ይዘረጋሉ፣ በጠመኔ ያሰምራሉ፣ በመቀስ ይለያዩታል፤ ሰፊዎቹ ደግሞ መልሰው ያገናኙታል። እጃቸው ስቶ አያውቅም። ችግሩ የሚጀምረው መቀሱን ካስቀመጡ በኋላ ነው።

ለውጣቸው ወግ አለው። በመጀመሪያ ጢማቸውን ይላጫሉ፤ ቀድሞ ተላጭቶ ከሆነ ያሳድጉታል። ቀጥሎ አልጋው ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ወይም ከበሩ ወደ መስኮቱ ይጎተታል። ከታች ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ ጣሪያቸው ሲንጓጓ ሲሰሙ፣ «ሰውየው ሊለወጡ ነው መሰለኝ» ብለው ሬዲዮናቸውን ከፍ ያደርጋሉ። በመጨረሻ ቤተሰቡ ይሰበሰባል። ክቡርነታቸው የኮታቸውን ቁልፍ እስከ ላይ ይቆልፉና ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

«ከዛሬ ጀምሮ የምታውቁኝ ሁሉ አታውቁኝም።»

እህቴ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ በሽታውን የሚወድ በሽተኛ አያያዝ ታውቅበታለች። «እሺ፣ የማላውቅህ ሰውዬ» ትላለች፣ «ቆሻሻውን ይዘህ ውረድልኝ።»

አንድ ሰሞን ንብ አርቢ ሆኑ። ቀፎውን ያስቀመጡት ሕንፃው ጣሪያ ላይ ነበር፤ ንቦቹ ግን የጡረተኛውን በረንዳ ወደዱት። ማሩን ያየ ሰው የለም፤ ያበጠውን የጡረተኛውን ዓይን ግን ሁላችንም አይተናል። ክቡርነታቸው ሊጠይቋቸው ሄደው፣ «ንብ ዝም ብሎ ሰው አይነድፍም፤ ወዶዎት ነው» ብለው አጽናኗቸው።

ሌላ ሰሞን ፎቶ አንሺ ሆኑ። የሙያ ልማድ ሆኖባቸው መሰለኝ፣ የሰውን ዘር በሙሉ ከአንገት በታች ብቻ አነሱት። የአጎቴ ልጅ የሠርግ አልበም ውስጥ ሙሽራው የሚታወቀው በክራቫቱ ነው። ተቆጥተን ስንጠይቃቸው፣ «ፊት ያልፋል፤ ትከሻ ግን ይኖራል» አሉን። ይህ ምን ማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ግን እንዲህ በድፍረት የተባለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ የዝምታው ዘመን መጣ። ዝም የሚል ሰው ጉልበቱ አይባክንም ብለው አንድ ሳምንት ሙሉ አፋቸውን ዘጉ። እህቴ ስለዚያ ሳምንት ስታወራ ዛሬም ዓይኗ እንባ ያቀርራል። የናፍቆት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በየአዳራሹ ማይክሮፎን ጨብጠው «ሕይወትዎን የሚለውጡበት ሰዓት አሁን ነው» እያሉ የሚያላዝኑ ነጋዴዎች አሉ። ክቡርነታቸውን ከእነዚያ ጋር የሚደባልቅ ካለ ከእኔ ጋር ይነጋገር። እነዚያ የሰውን ሕይወት ለውጡ እያሉ የሚለውጡት የራሳቸውን መኪና ነው። ክቡርነታቸው የሚያበላሹት የራሳቸውን ኑሮ ብቻ ነው፤ የጡረተኛው ዓይን ሲቀር። ሌላም ወገን አለ፤ ከተቀመጠበት ሳይነሳ ዕድሜውን ጨርሶ፣ ወንበሩ ስላልተሰበረለት ብቻ ራሱን ጽኑ ብሎ የሚጠራ። ለእሱም የማጎነብስበት ወገብ የለኝም።

ከየለውጡ በኋላ ክቡርነታቸው ወደ መቀሳቸው ይመለሳሉ። የስፌት ቤቱ ባለቤት እያጉረመረመ ይቀበላቸዋል፤ እንደ እሳቸው የሚቆርጥ አላገኘም። ይህን ባለቤት ሠራተኞቹ በሌለበት «ቆጣቢው» ይሉታል። ቁራጭ ክር የሚቀጥል፣ የጎበጠ መርፌ በጥርሱ የሚያቃና ሰው ነው።

ታዲያ ለቆጣቢው አንድ ትልቅ ሥራ መጣለት። የመዘምራን ቡድን መድረክ ላይ የሚለብሰው ወይን ጠጅ የከፋይ ካባ ታዘዘ። ከፋይ ጸጉር ያለው ጨርቅ ነው፤ እንደ ድመት ጀርባ በአንድ በኩል ስትዳብሱት ይተኛል፣ በሌላው ስትዳብሱት ይቆማል። ስለዚህ የካባው ቁራጮች በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝተው መቆረጥ አለባቸው። አንዱ ተገልብጦ ከተቆረጠ፣ መብራት ሲያርፍበት የልብሱ ግማሽ ቀይ ግማሹ ጥቁር ሆኖ ቁጭ ይላል። ይህን ስፌት ቤት ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ቆጣቢውም አሳምሮ ያውቃል። ግን ካባ ከላይ ጠባብ ከታች ሰፊ ነው፤ አንዱን ቀጥ፣ አንዱን ግልብጥ አድርገው ቢያስተኙት ብዙ ጨርቅ ይተርፋል። ቆጣቢው ደግሞ የተረፈ ጨርቅ ሲያይ ራሱን አያውቅም። ክቡርነታቸው «ይሄ አይሆንም» ሲሉ ጠመኔውን ከእጃቸው ነጥቆ ራሱ አሰመረው።

«ጨርቁም የእኔ፣ ጠረጴዛውም የእኔ። አንተ ቁረጥ።»

ቆረጡ።

ካባዎቹ ተሰፍተው መብራት ሥር ሲለበሱ እያንዳንዱ ዘማሪ ከሁለት ሰው የተቀጠለ መሰለ። የመዘምራኑ መሪ፣ ድምጿ ከበሩ ቀድሟት የሚገባ ሴት፣ «ይህን ያደረገው ማን እንደሆነ ፊት ለፊት ይነገረኝ» ብላ ቀጠሮ ይዛ ሄደች። ቆጣቢው ጥፋተኛ መፈለግ ጀመረ። መስታወት ቢያይ ያገኘው ነበር፤ እሱ ግን ያየው ወደ ስፌት መኪናዎቹ ነው።

እዚያ ከሁሉም ቀድመው የገቡ አንድ ሰፊ አሉ፤ ለመነጽራቸው ውፍረት ሲባል «እትዬ መነጽር» ይባላሉ። ባላቸው ሞተዋል፤ የሚደግፋቸው የለም። ቆጣቢው ያሰበው እንዲህ ነው፦ ሴትየዋ ዓይናቸው ደክሟል፣ የአንዱን ካባ ቁራጭ ከሌላው ደባልቀው ሰፉት፣ ይባረራሉ፣ ነገሩ ያልቃል። «ማየት ተስኗት ተባረረች» የተባለችን ሰፊ ደግሞ በዚያ ዕድሜዋ ማንም ስፌት ቤት በሩን አይከፍትላትም።

ለዚህ ግን የቆራጩ ምስክርነት ያስፈልግ ነበር። ክቡርነታቸውን ለብቻ ጠራቸው። «የክፍሉ ኃላፊ ትሆናለህ» አላቸው። «የራስህ ቢሮ፣ የሚሽከረከር ወንበር። ምንም እንድትናገር አልፈልግም። እኔ ስናገር ራስህን ነቅነቅ ማድረግ ብቻ ነው።»

ዕድሜ ልካቸውን አልጋ እየጎተቱ የጠሩት ለውጥ በራሱ እግር መጣላቸው። ለእህቴ ሹመቱን ነገሯት፤ በምን እንደሚገኝ አልነገሯትም። በደስታ ክራቫት ገዛችላቸው። ሲወጡ ክራቫቱን እያስተካከለች፣ «ስማኝ» አለቻቸው፣ «ንቡንም ችያለሁ፣ ካሜራውንም ችያለሁ። ይሄን ሥራ ከበተንከው ግን እኔም መለወጥ እችልበታለሁ። የምለወጠው ወደ እናቴ ቤት ነው።» ቀልድ አልነበረም። ቀልዷን አውቀዋለሁ።

እኔ በቀጠሮው ቀን ስፌት ቤት የተገኘሁት ለፍትሕ ብዬ አይደለም፤ ሱሪዬ ጠብቦኝ ነው። እትዬ መነጽር ወገቡን ሊያሰፉልኝ ወስደውታል፤ እኔ ከመለኪያው ክፍል መጋረጃ ጀርባ በውስጥ ሱሪ ቆሜያለሁ። የመዘምራኑ መሪ ስትገባ የስፌት መኪናዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። በመጋረጃው ክፍተት አየሁ።

«ይቺ ሴትዮ ናት እንግዲህ» አለ ቆጣቢው። «ዓይኗ ደክሟል፤ ስንት ጊዜ መከርናት መሰለዎት። የአንዱን ካባ ከሌላው ደባልቃ ሰፋችው።»

መሪዋ ወደ እትዬ መነጽር ዞረች። «እውነት ነው?»

«የሰጡኝን ነው የሰፋሁት» አሉ እትዬ፣ የሱሪዬን ወገብ በሁለት እጃቸው እንደያዙ።

«ቆራጫችንን ይጠይቁት» አለ ቆጣቢው። «እሱ ምስክር ነው።»

ክቡርነታቸው ራሳቸውን አልነቀነቁም። እጃቸው ወደ ኮታቸው ቁልፍ ሲሄድ አየሁና አዋጁ ሊመጣ ነው አልኩ። ክራቫቱ ተሸፈነ።

«የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ያሰመረው እሱ ነው። አይሆንም ብዬዋለሁ፤ ብዬው ግን ቆርጫለሁ። እትዬ የሰጠናቸውን ነው የሰፉት። በጀርባቸውም ዓይን ቢኖራቸው የተገለበጠ ጨርቅ በመርፌ አይቃናላቸውም።»

ቆጣቢው ሳቀ። «አይ፣ ይሄ ሰውዬ በየወሩ ይነሳበታል። ሁሉንም ይጠይቋቸው፤ አንድ ጊዜ ንብ ነበር።» ከጥግ አንድ ሰው በአፍንጫው ሳቀ። ቆጣቢው ጠጋ አላቸው፤ ድምፁን ዝቅ ቢያደርግም ቤቱ ዝም ብሎ ስለነበር ሁላችንም ሰማነው። «አንተ፣ ስትለወጥ ኖረህ የሚጠቅምህ ቀን ሲመጣ እምቢ ትላለህ? ለራስህ ስትል ተለወጥ እንጂ።»

«ዛሬ አልለወጥም።»

በቃ፤ ይኸው ነው። ንግግር የለ፣ አዋጅ የለ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አዲስ ሰው ነኝ ሲሉ የኖሩት ሰውዬ፣ ሕይወታቸው እውነት ልትለወጥ ጫፍ ስትደርስ እንደ ነበሩ ቆሙ። ስንት አዳራሽ ሙሉ ተለዋጭ ቢሰለፍ ይህን አያደርገውም።

«ውጣልኝ» አለ ቆጣቢው። «አንቺም ውጪ።»

ክቡርነታቸው መቀሳቸውን አነሱ፤ የራሳቸው ነው። እትዬ መነጽር ቦርሳቸውን አነሱ፤ በድንጋጤ ሱሪዬንም ይዘውት ሄዱ። ምን ላድርግ፣ መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። «እትዬ፣ ሱሪዬን» አልኩ። የመዘምራኑ መሪ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ከተገፉት ጎን መቆም ክብር ነው ይባላል፤ እኔ የቆምኩት በውስጥ ሱሪ ነው። ሴትየዋ ግን ወደ ቆጣቢው ዞራ፣ «ካባውን አንተው ልበሰው» ብላው በሩን ከኋላዋ ወረወረችው።

ሦስታችን እህቴ ቤት ደረስን። በሩን ከፈተችና መቀሱን አየች፣ እትዬን አየች፣ ወገቡ በስፒል የተያዘውን ሱሪዬን አየች። የሆነውን የነገሯት እትዬ ናቸው፤ ወንበሩንም፣ ቢሮውንም፣ ራስ መነቅነቁንም። ቆጣቢው ለብቻ ሲያባብላቸው በበሩ ያዳመጡ ሰፊዎች ሁሉንም ስንወጣ ነግረዋቸው ነበር። እህቴ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ተቆጣሽ?» አሏት ባሏ።

«በጣም» አለች። «ምን ትገተራለህ፣ ለእትዬ ወንበር አምጣ እንጂ።» ወንበሩ መጣ። ቆየት ብላ፣ ወደ ማንም ሳታይ፣ «ከመድኃኒት ቤታችን ጎን ያለው ክፍል ባዶውን ነው» አለች። «ነገ ሄደን እናየዋለን።» ስለ እናታችን ቤት ያነሳ የለም።

አሁን እዚያች ክፍል ውስጥ እሳቸው ይቆርጣሉ፣ እትዬ ይሰፋሉ። ሥራው ሞልቷል ብዬ አልዋሻችሁም። ክቡርነታቸውም ዐርፈው አልተቀመጡም፤ ሰሞኑን አንጎል ይነቃል ብለው ሁሉን ነገር በግራ እጃቸው ጀምረዋል። እትዬ መቀሱን ደብቀው የሚሰጧቸው ቀኝ እጃቸውን ሲዘረጉ ብቻ ነው።

ባለፈው ዘመድ ጥየቃ ሄጄ አንድ የአክስቴ ልጅ፣ ባንክ ቤት የሚሠራ፣ ጫማው የሚያበራ፣ «ያ የዞረበት አማችህ አሁንም ሰው አልሆነም?» ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም አጀቡት።

«ስማ» አልኩት። «አንተ አለቃህ በተናገረ ቁጥር ራስህን እየነቀነቅህ ነው እዚህ የደረስከው። አንገትህን አሳርፈውና ተቀመጥ።»

ለሌሎቻችሁም እዚሁ ልናገር። በእሳቸው ላይ መሳለቅ የእኔ ሥራ ነው፤ በጣቴ የጻፍኩት፣ በአፌ ያቀናሁት። ረዳት አልፈልግም፣ ወራሽም የለኝም። ሰልፍ ይዞ ተራ የሚጠብቅ ካለ ይበተን።