ሽንት ቤት ስቆፍር ያገኘሁት ቧንቧ

ውሃ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይፈሳል ብሎ ያስተማራችሁ መምህር ዋሽቷችኋል! ግን አትቀየሙት። እኔም የፊዚክስ መምህር ሆኜ ቦንጋ ላይ አራት ዓመት ሙሉ ስዋሽ ኖሬያለሁ። ውሃ በእርግጥ ወዴት እንደሚፈስ ያወቅሁት ሽንት ቤት ስቆፍር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሉ የምትባለው ባለቤቴ ዋጫ ከተማ ታስተምራለች፣ እኔ ቦንጋ። ሴት ልጃችን ሰባት ወሯ ነው። በወር አንዴ ብቅ ስል ክትባት ሊወጋት የመጣ ሰው እመስላትና እሪ ትላለች። አባትሽ ነኝ ብዬ መታወቂያ አላሳያት ነገር! አንጀቴ እርር ሲል ወደ ዋጫ ዝውውር ጠየቅሁ። ለዝውውሩ ደግሞ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል።

የቀበሌው ሊቀመንበር የዝውውር ቅጼን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።

«መምህር፣ ሽንት ቤት ቆፍረሃል?»

«እኔ እኮ ተከራይ ነኝ...»

«ተከራይ አይሸናም?»

ዘመኑ እንደሆነ የአንድ ለአምስትና የሽንት ቤት ቁፋሮ ዘመቻ ዘመን ነው፤ ያልቆፈረ ደብዳቤ አያገኝም ተባለ፣ አለቀ።

አከራዬ ጋሽ ኮቺቶ ዶማ አበደሩኝና አጥሩ ሥር ወዳለች ጥግ ወሰዱኝ። «እዚህ ጋ ቆፍር ልጄ፣ አፈሩ ለስላሳ ነው» አሉኝ። እውነትም ለስላሳ ነው! ጉልበቴ ድረስ እንደ ቅቤ ወረድኩ። ከዚያ ዶማው ጓ! አለና... ፏ! ከተወለድኩ እንደዚያ ታጥቤ አላውቅም።

ልብ በሉ፣ በከተማችን ሰማዩ ዓመቱን ሙሉ ሳይሰስት ያዘንባል፤ ቧንቧው ግን ሦስት ወር ሙሉ ጾሙን ይዟል። ውሃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ ይባላል፤ ሰፈራችንን ያስጮኸው ግን የእኔ ዶማ ነው። ልብሴን ሳልጨምቅ ጀሪካን ተሰለፈ። ጎረቤቴ እትዬ ወርቄ ከፊት ናቸው። «እግዜር ይስጥህ መምህር! እስቲ ወደዚህ ትንሽ ሰፋ አርገው!»

እኔ ግን ፈራሁ። የመንግሥት ንብረት አፍርሶ ዝውውር የሚባል ነገር የለማ! ወደ ውሃ አገልግሎት ሮጥኩ። ቴክኒሻኑ ፕላኑን ዘርግቶ ጣቱን ከምንጩ አስነስቶ በማጠራቀሚያው ጋን በኩል ከተማ አስገባው።

«በእናንተ በኩል መስመር የለም» አለኝ።

«ውሃው እኮ እየፈሰሰ ነው!»

«ሊፈስ ይችላል። መስመር ግን የለም። የሌለ መስመር ደግሞ አንጠግንም።»

በሦስተኛው ቀን ሊቀመንበሩ ራሳቸው መጡ። ፊታቸው አቧራ እንደለበሰ ነው፤ የሸሚዛቸውንስ ኮሌታ ተዉት።

«ይሄ ጉድጓድ መቼ ነው የሚደፈነው?»

«ቆፍር ብለውኝ እኮ ነው...»

«ቆፍር አልኩህ እንጂ አፍርስ አልኩህ?»

«ምን አፈረስኩ? መስመር የለም ተብሏል!»

ይሄኔ ጋሽ ኮቺቶ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። «ሊቀመንበር፣ እርስዎ ቤት ውሃ ጠፋ እንዴ?» ሰልፉ ሁሉ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። ለካ ያ ሁሉ ውሃ ሦስት ወር ሙሉ በአጥራችን ሥር እያለፈ የሚገባው አንድ ግቢ ብቻ ኖሯል! የሹም ዶሮ ናትና እሽ አትበሏት ይባላል። እኔ በዶማ እሽ ብያታለሁ።

በማግስቱ የቀበሌው ዘበኛ ደብዳቤውን ቤቴ ድረስ አመጣልኝ። «ታታሪ፣ ሥነ ምግባር ያለው፣ ለልማት የተጋ» ይላል፤ መጨረሻው ላይ «በአስቸኳይ ይዛወር» የሚል አለበት። ዘበኛው በቃል የጨመረው ግን «ጉድጓዱን ሳይደፍን እንዳይሄድ» የሚል ነው።

አፈርኩ፣ ልዋሻችሁ አልችልም። እትዬ ወርቄን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ግን የልጄ ለቅሶ ጆሮዬ ውስጥ ነው... ቧንቧውን በጎማ ጠፍንጌ አሰርኩና አፈሩን መለስኩበት። ጋሽ ኮቺቶ አጠገቤ መጡና «ሂድ ልጄ፣ ልጅህ ትወቅህ» አሉኝ። «ዶማውን ግን ለወርቄ አቀብላት።»

አሁን ዋጫ ነኝ፤ ልጄም ማልቀሷን ትታ ጢሜን መጎተት ጀምራለች። ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ባልደረባዬ ከቦንጋ መጥቶ ወሬ አቀበለኝ። ከጋሽ ኮቺቶ አጥር እስከ ሊቀመንበሩ በር ድረስ ጉድጓድ ያልቆፈረ ቤት የለም አለ። ቀበሌው በሽንት ቤት ሽፋን ከዞኑ አንደኛ ወጥቶ ሊቀመንበሩ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት ተሸልመዋል።

«ታዲያ ደስ አላቸው?» አልኩት።

«እሱን እንጃ» አለኝ። «ከአዳራሹ ሁሉ ፊቱን ያልታጠበ ግን እሳቸው ብቻ ነበሩ።»