እትዬ ልሂድ

የሚቀር ሰው ሞልቷል፣ የሚያረፍድም ሞልቷል። «ልሂድ» እያለ የማይሄድ ሰው ግን የተለየ ፍጥረት ነው፤ ደግሞም በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። የእኛ ሰፈር ድርሻ ክብርት እትዬ ልሂድ ናቸው፤ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን። ስሙን ያወጣችላቸው ባለቤቴ ናት። ፊት ለፊታቸው ግን «እትዬ» ብቻ ነው የምንላቸው።

እትዬ ገና ሲቀመጡ «አልቆይም» ይላሉ። ሻያቸውን ይጠጡና «በሉ እንግዲህ ልሂድ!» ብለው ይነሳሉ። እኛም እንነሳለን። ወሬው የሚጀመረው ይኼኔ ነው። ሳሎን መሃል ቆመው ቧንቧ ሠሪው እንዴት እንዳንገላታቸው ይተርካሉ። በሩ ጋ «ኧረ መሸብኝ!» ይሉና የእህታቸውን ልጅ ፍቺ ያነሳሉ። አንዱን ጫማ አጥልቀው፣ ሌላውን በእጃቸው እንደያዙ የሰፈሩን ኮሚቴ ያማሉ። አንዴማ ባለቤቴ ድስት ጥዳ ልትሸኛቸው ወጥታ ስትመለስ ወጡ ከስሎ ጠበቃት።

እኔን ግን ነገሩ ይገርመኝ ጀመር። ሰው ተቀምጦ የማያወራውን ምን ሆኖ ቆሞ ያወራዋል? አንድ ቀን የግቢውን በር ከፍቼ ይዤ፣ ልብ ብዬ አዳመጥኩ። ለካ የሚያወሩት እሳቸው ብቻ አይደሉም! ሶፋው ላይ «ደህና ነኝ» ስትል የቆየችው ባለቤቴ፣ በሩ ጋ ስትደርስ ወገቧ እንቅልፍ እንደነሳት ነገረቻቸው። እኔ እንኳ አልሰማሁም ነበር። ወሬው አለቀ ብሎ ያመነ ሰው ሆዱ ውስጥ ያለውን ይዘረግፈዋል።

የልጄ ሰርግ ሳምንት ሲቀረው እትዬ መጡ። ካርዱ ተበትኗል፣ አዳራሹ ተይዟል።

«እንዴት ነሽ ሙሽራዬ?»

«ደስ ብሎኛል እትዬ» አለች ልጄ፤ እኛም ፈገግ አልን።

«በሉ ልሂድ» ተባለ። ልጄ ልትሸኛቸው ተከተለች፤ እኔ እንደ ልማዴ በሩን ይዤ ቆሜያለሁ። ስለ ሙቀቱ አወሩ፣ ስለ ጉልበታቸው አወሩ። ከዚያ ልጄ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦

«እትዬ... አልፈልገውም።»

«ሰርጉን ነው ሰውዬውን?»

«ሰውዬውን።»

«ለእናትሽ ነግረሻታል?»

«እንዴት ብዬ? ካርዱ እኮ ተበትኗል!» ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ሰማይ የተደፋብኝ መሰለኝ። ለወራት አንድ ቤት ስንበላ ስንጠጣ እንዴት አላየኋትም? በሩን እንደያዝኩ ቀረሁ።

«ምን ይገትርሃል አንተ? ዝጋው እንጂ!» አሉኝ እትዬ።

ከዚያ የልጄን እጅ ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ። ሁለቱንም ጫማቸውን አወለቁ። ሶፋው ላይ ከባለቤቴ አጠገብ ዘና ብለው ተቀመጡና ልጄን በመሃላቸው አስቀመጧት።

«ሻይ ድገሙኝ» አሉ። «ዛሬስ አልሄድም።»

እንደዚያን ቀን ሰው ወድጄ አላውቅም። በሩን ዘጋሁት፤ ከውስጥም ቆለፍኩት።